ከፊርማው በፊት የሚነገረው

አልሐምዱሊላህ፤ ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። አማ በዕድ፦ የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ።

ተመርቀው ሥራ ያጡ ልጆቻችን አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «የመድን ሽያጭ ወኪል ሁን ተብያለሁ። ደሞዝ የለውም፤ በሸጥኩት ልክ ኮሚሽን ነው። ልግባበት?» አንዳንዱ «ሥራ አይናቅም፣ ግባ» ይላል፤ ሌላው «ሐራም ነው» ብሎ ይሸኛል። ልጁ ግን ማታ ቤቱ ሲገባ ሁለቱም መልስ አይሆኑትም።

ኮሚሽኑን አስቀድመን እንየው። በውጤት መከፈል በራሱ ነውር የለበትም። በሱረቱ ዩሱፍ የንጉሡን መስፈሪያ ለሚያመጣ ሰው አንድ የግመል ጭነት ቃል ተገብቶለታል፤ ፉቀሃዎች ለጁዓላ፣ ማለትም በውጤት ለሚከፈልበት ውል፣ ማስረጃ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ቀደምቶቹ ዓሊሞች ኢብኑ ሲሪንና ዐጧእ በደላላ ክፍያ ላይ ችግር እንዳላዩም ኢማም ቡኻሪ መዝግበዋል። እናም «ተምሮ ደላላ ሆነ» እያላችሁ ልጁን አታሸማቅቁት።

የሚሸጠው ነገር ግን ሌላ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ጂዳ ላይ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ፣ በተወሰነ አረቦን የሚሸጠውን የንግድ መድን ገረሩ (በውሉ ውስጥ ያለው እርግጠኛ ያልሆነ ነገር) የበዛ ነው ብሎ ከልክሏል፤ በመረዳዳት ላይ የቆመውን ፈቅዷል። እንደ ሸይኽ ሙስጠፋ አዝ-ዘርቃ ያሉ የንግዱንም መድን የፈቀዱ ዓሊሞች አሉ፤ ይህን መደበቅ አይገባም። እኔ ከብዙኃኑ ጋር ነኝ። የሶስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ስለሆነ፣ ተገድዶ የገዛ ሹፌር አይወቀስም። አንተ ግን እንድትሸጥ ያስገደደህ የለም።

መውጫ አለ። ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ለታካፉል፣ ማለትም በመረዳዳት ላይ ለቆመው መድን፣ መመሪያ አውጥቷል። አሠራሩ ለእኛ ባዳ አይደለም፤ እድር የምናዋጣ ሰዎች ነን። በረሱል ዘመን የነበሩት የአሽዐሪዮች ጎሳ ሰዎች ስንቅ ሲያልቅባቸው ያላቸውን በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው እኩል ይካፈሉ ነበር፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) እነሱ ከእኔ ናቸው፣ እኔም ከእነሱ ነኝ ብለው አወድሰዋቸዋል። ወኪልነቱ ለታካፉል ከሆነ፣ ወንድሜ፣ ግባ።

ግን ስሙ ታካፉል ስለሆነ ብቻ ምላስህ አይጠራም። ኮሚሽንህ የሚታሰበው አረቦኑ ሲከፈል ነው። ካሳው የሚጠየቀው ከወራት በኋላ፣ መጋዘኑ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ፈተናው ያለው በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ነው። አንድ ነጋዴ 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ንብረት አለው እንበል። አረቦኑ ከበደው። አንተም ደንበኛው እንዳያመልጥህ «2 ሚሊዮን ብለን እናስመዝግበው፣ ይቀልልሃል» አልከው። 1 ሚሊዮን ብር ጉዳት በደረሰ ቀን፣ ንብረቱ በግማሽ ዋጋው ስለተመዘገበ፣ በተለመደው የመድን ስሌት የሚደርሰው ግማሽ ሚሊዮን ብቻ ነው። ያን ጊዜ ኮሚሽኑን በልተህ ጨርሰሃል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥበት አገኙ፤ ሻጩን እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም ብለው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእኔ አይደለም አሉ። ውሉ የማይሸፍነውን፣ ማለትም መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ካሽከረከረ፣ አደጋው በጊዜ ካልተነገረ ምን እንደሚከተል፣ ከፊርማው በፊት አንብብለት።

የመጀመሪያ ደንበኞችህ አጎትህና አክስትህ ይሆናሉ። አጎትህ የሚፈርመው አንተን ሊረዳ እንጂ ውሉን አንብቦ አይደለም። ስለዚህ ለእሱ ያለብህ አማና ለማታውቀው ሰው ካለብህ ይበልጣል። ዘመድ ሲያልቅ ደግሞ ባዶ ወር ይመጣል፤ በዚያ ወር መሐላ ይቀላል። መሐላ ዕቃውን ያሻሽጣል፣ በረካውን ግን ያጠፋዋል ተብለናል።

አቁሉ ቀውሊ ሃዛ፣ ወአስተግፊሩላህ ሊ ወለኩም።

(ከተቀመጡ በኋላ)

አልሐምዱሊላህ። ይህ ሁለተኛው ክፍል ለአባቶችና ለነጋዴዎች ነው። ልጁ ሥራ በጀመረ በወሩ «ስንት አመጣህ?» አትበሉት፤ ጥያቄያችሁ ነው አንዳንዱን ወደ ውሸት የሚገፋው። የቤት ኪራይ የሚጠብቀውና ቤተሰብ የሚያስተዳድር ወጣት ግን ቋሚ ገቢ ሳይኖረው በዚህ ሥራ ብቻ ባይተማመን እመርጣለሁ። ሱቅ ያላችሁ ወንድሞች፣ ግማሽ ቀን በደሞዝ ብትቀጥሩት ደንበኛ እየለመነ አይዋሽም። ወኪል ሱቃችሁ ሲመጣም «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «የማይከፍለው መቼ ነው?» በሉት። እውነቱን ከነገራችሁ ከእሱ ግዙ፤ ሌላው በርካሽ ቢመጣም።

አላህ ሆይ! ለወጣቶቻችን ሐላል ሪዝቅ ክፈትላቸው። ከሐራም በሐላልህ አብቃቃቸው። ለሻጩ እውነተኛ አንደበት፣ ለገዢውም አስተዋይ ልብ ስጥ። አሚን። ሶላት ቁሙ።