የወላጆቻችንን ስም ከጎርፍ ማዳን



የእስራኤል ልጆች የዮርዳኖስን ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ኢያሱ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች አስወጥቶ በጌልገላ እንዳቆመ ቅዱስ መጽሐፍ ይተርክልናል (ኢያ. 4)። ይህንም ያደረገው፣ ልጆች ወደ ፊት ስለ ድንጋዮቹ ሲጠይቁ አባቶች የሚመልሱላቸው እንዲኖር ነው። ልብ ብለን ካነበብነው መታሰቢያው ድንጋዩና የአባት ቃል አንድ ላይ ናቸው፤ ቃሉ ከጠፋ ያ ድንጋይ ከሌላው የወንዝ ድንጋይ አይለይም።

እኛም በከተማችን መካከል ወንዝ አለን። ደቻቱ ከዚራንና መጋላን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ፣ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ሳይሆን አሸዋ የሚታይበት፣ ሰውም በእግሩ የሚሻገረው ወንዝ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ግን ከደጋው የወረደው ጎርፍ በሌሊት ደርሶ ሰዉን በተኛበት አገኘው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አስከሬናቸው ሳይገኝ የቀረም ነበሩ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖች ያለ መጠለያ ቀሩ። ቤቱ ሲሄድ ሣጥኑም አብሮ ሄደ፤ በሣጥኑም ውስጥ የጥምቀት ምስክር ወረቀት፣ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የቤት ካርታ፣ ከምድር ባቡር የተሰጠ የአገልግሎት ወረቀት ነበረ። የሰው ነፍስ ከወረቀት ጋር ለንጽጽር አይቀርብም። ሆኖም እናቱንና የእናቱን ብቸኛ ፎቶግራፍ በአንድ ሌሊት ያጣ ሰው ሁለተኛውን ኀዘን ከመጀመሪያው ለይቶ አያየውም።

ይህ ጉዳት በድሬዳዋ በተለይ ይከብዳል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች፣ የብዙዎቻችን አያቶች ከሌላ ስፍራ የመጡ ናቸው፤ ከሸዋ፣ ከሐረር፣ ከየመን፣ ከግሪክ፣ ከአርመን፣ ከሕንድ የመጡም አሉ። የሱማሌ ጎረቤቶቻችን ለልጆቻቸው የአባቶቻቸውን ስም እስከ ጎሳው አባት ድረስ በቃል ያስጠናሉ፤ አብቲርሲ ይሉታል። በደጋው ሰው ዘንድም ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የቆየ ልማድ ነው። በከተማ ያደገው ልጃችን ግን ከአያቱ ስም በላይ ብዙ ጊዜ አያልፍም፤ ያንንም የሚያውቀው ለትምህርት ቤት ሲመዘገብ ስለሚጠየቅ ነው። የእናቱን እናት ስም ብንጠይቀው «እማማ ነበር የምንላት» ይለናል።

ቅዱስ ማቴዎስ የጌታችንን ትውልድ ሲቆጥር አባቶችን በየተራ ይጠራና በመካከሉ ትዕማርን፣ ራኬብን፣ ሩትንና የኦርዮን ሚስት ያነሣል (ማቴ. 1)። ባዕድ የነበሩትን፣ ታሪካቸውም ለመኩራራት የማይመቸውን እናቶች አልዘለለም። ቅዱስ ሉቃስ ደግሞ ወደ ኋላ ቆጥሮ አዳም ዘንድ ይደርሳል (ሉቃ. 3)። ሐዋርያው ጳውሎስ መጨረሻ ከሌለው የትውልድ ቆጠራ እንድንርቅ ጢሞቴዎስን የመከረው (1 ጢሞ. 1፥4) ከዚህ ጋር የሚጋጭ አይመስለንም። በዘር ለመመካትና ጎረቤትን ለማራቅ የሚደረግ ቆጠራ ሌላ ነው፤ መዘዙን በአገራችን ስላየነው ብዙ አንልበትም።

ዛሬ በየቤታችን ያለው ችግር የፎቶግራፍ እጦት አይደለም። አንድ የእጅ ስልክ በሺህ የሚቆጠር ምስል ይይዛል፤ ማን ማን እንደ ሆነ ግን የትም አልተጻፈም። ስለዚህ ሥራው ከማሽኑ ሳይሆን ከአረጋውያን ይጀምራል። አሮጌውን ፎቶግራፍ ይዘን በአያታችን አጠገብ ተቀምጠን፣ ከግራ ወደ ቀኝ ማን እንደ ቆመ እንጠይቅ፤ ድምፃቸውንም በስልኩ እንቅዳ። ከዚያ በኋላ ፎቶግራፉን በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ መብራት፣ ፊቱንም ጀርባውንም እናንሣው፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና የሰላምታ ቃል የሚገኘው ከጀርባው ነውና። በአልበም ላይ የተጣበቀውን በኃይል መላቀቅ አይገባም፤ እዚያው እንዳለ ይነሣ። ስልኩ በምስሉ ላይ የሚያስቀምጠው ቀን የዛሬውን ስለሆነ፣ ፋይሉን ራሳችን «1962 ዓ.ም.፣ ከዚራ፣ የወይዘሮ እገሊት ሠርግ» ብለን ልንሰይመው ያስፈልጋል። ዓመቱ በግምት ከሆነ «ገደማ» ብሎ መጻፍ እንጂ የሌለ እርግጠኝነት መፍጠር አይገባም።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር በእኛ ከተማ ብዙዎችን ያሳስታል። የባቡሩ ኩባንያ በፈረንሳይኛ ይሠራ ስለነበር ወረቀቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ልዩነቱም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ዓ.ም. ወይም እ.አ.አ. የሚለውን ሳይጽፉ ቁጥሩን ብቻ ማስፈር ልጁን ከአባቱ በፊት እስከ ማስወለድ ያደርሳል!

ወደ ቁምስናውም ጎራ ማለት ይገባል። የትሬንት ጉባኤ በ1563 እ.አ.አ. የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ እንዲያዝ ደንግጓል፤ የዛሬው ሕገ ቀኖናም በጥምቀት መዝገብ የልጁን ብቻ ሳይሆን የወላጆቹንና የክርስትና ወላጆቹን ስም፣ የተወለደበትንም ቦታና ቀን እንድንጽፍ ያዝዛል (ቁ. 877)። የመንግሥት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ለተወለደ ምእመን ልደቱ የተጻፈበት ብቸኛው ስፍራ ይህ መዝገብ ሊሆን ይችላል። «እማማ» ብቻ ተብላ የቀረችው አያትም በስሟ የምትገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ጠያቂው ግን የክርስትና ስሟንና የተጠመቀችበትን ዓመት በግምትም ቢሆን ይዞ ይምጣ።

ነቢዩ ኤርምያስ ኢየሩሳሌም ተከብባ ሳለ የገዛውን መሬት ውል፣ የታተመውንም የተከፈተውንም፣ ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠ (ኤር. 32)። የእኛ ሸክላ ዕቃ ምናልባት ሃርድ ዲስክ ነው። ሁለት ቅጂ በአንድ ቤት ካለ ለጎርፍ አንድ ነው፤ አንዱ በቤት፣ ሌላው በሌላ ከተማ ካለ ዘመድ ዘንድ፣ ሦስተኛው በኢንተርኔት ማከማቻ ይቀመጥ። በቴሌግራም ስንልክ በፎቶ መልክ ከሆነ ጥራቱ ስለሚቀንስ በፋይል መልክ እንላከው።

ከመዝገቡ ሁሉም ለአደባባይ አይሆንም። በጉዲፈቻ ያደገ፣ ያለ ጋብቻ የተወለደ፣ በሕይወት ያለ ሰው ምስጢር በቤተሰብ እጅ ይቆይ፤ እውነቱን መጻፍና ለሁሉ መበተን የተለያዩ ናቸው።

የሠርግ ፎቶግራፍ ድሮም ለዘመድ ይታደል ነበር። ስለዚህ በዚያ ሌሊት ከደቻቱ ዳር የጠፋው በአዲስ አበባ፣ በጅቡቲ፣ ከአገር ውጭም በሌላ ሰው አልበም ውስጥ ሊኖር ይችላል። በእጃችን ባለው ፎቶግራፍ ላይ ከሚዜዎቹ ኋላ የቆመችው ሴት ጎርፍ የወሰዳት እንደ ሆነች ካወቅን፣ ልጇም ምስሏ እንደሌለው ከሰማን፣ ቅጂውን ዛሬውኑ እንላክለት፤ ስሟንና የክርስትና ስሟንም ጽፈን፣ ሐምሌ 30 ሲደርስ በቅዳሴው እንዲያስጠራት።