«ገባችሁ?» «አዎ ቲቸር!»

ልጆቼ፣ 30 ዓመት ያህል ጠመኔ ይዤ ስቆም በየቀኑ የሰማሁት ውሸት አንድ ነው። «ገባችሁ?» እላለሁ። «አዎ ቲቸር!» ይላል ክፍሉ፣ 60 ልጅ ባንድ አፍ። በማግስቱ ቴስት ስሰጥ ግማሹ ባዶ ወረቀት ይመልስልኛል። ያን «አዎ» እኔም በልጅነቴ ብዬዋለሁና የምጽፍላችሁ ልቆጣችሁ አይደለም።

አንዲት ልጅ ግን ትዝ ትለኛለች። ያኔ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ነበር የማስተምረው። ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ ይሆናል ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት፤ እንደ ልማዴ «ገባችሁ?» አልኩ። እንደ ልማዳቸው «አዎ» አሉ። ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር፣ አንዲት ቀጭን እጅ ተነሣች።

«ቲቸር፣ ባለፈው ኔጌቲቭ ማለት ዕዳ ነው ብለውን ነበር። ዕዳ በዕዳ ሲባዛ እንዴት ገንዘብ ይሆናል?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ መልሱ የለኝማ! ለስንት ዓመት ሕጉን እንደ ዳዊት ስደግመው ኖሬያለሁ። «ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት፤ ደወሉም አዳነኝ።

ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። በማግስቱ «ለሁለት ሰዎች ሃምሳ ሃምሳ ብር ዕዳ አለብሽ እንበል» አልኳት። «ሁለቱም ዕዳውን ቢሰርዙልሽ ስንት አተረፍሽ?» «መቶ!» አለች። «ዕዳው ኔጌቲቭ ነው፤ መሰረዙም ኔጌቲቭ ነው።» ፊቷ ሲበራ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ይህን ትምህርት ያስተማርኩት በእሷ ጥያቄ በኩል ነው። ኮሌጅ ያላገኘሁትን መስኮቱ ሥር አገኘሁት።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ «ፕላዝማ» የምንለው የሳተላይት ትምህርት ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ እኔም ወደዚያ ተዛውሬ ነበር። ቤተ ሙከራ አይተው ለማያውቁ ልጆች ሙከራውን አምጥቶ አሳይቷቸዋል፤ ይህን አልክድም። ግን በእንግሊዝኛ ይነጉድ ነበር፤ ይጠይቅና ልጁ እስክሪብቶውን ሳያነሣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፍ ነበር። እኔ ግድግዳው ጥግ እቆም ነበር፤ ድርሻዬ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። የቴሌቪዥኑ መምህር የማንንም ፊት አያይም ነበር። ያቺ ልጅ እዚያ ክፍል ብትሆን እጇን ለማን ታነሣ ነበር?

በአንጻሩ የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ልብ በሉ። ተማሪው ለብቻው ሆኖ የቆጠረውን ቅኔ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ እዚያው ያርመዋል። የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ነገር ግን ተማሪው «ገባኝ» ብሎ የሚደበቅበት ጥግ የለም።

ዝምታ ወርቅ ነው የሚሏችሁ አሉ። ለሌላ ቦታ ይሁንላቸው፤ ክፍል ውስጥ ግን ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። ስትጠይቁም «አልገባኝም» ብቻ አትበሉ፤ ያ መምህሩን ከየት እንደሚጀምር ያሳጣዋል። «እስከ ሦስተኛው መስመር ገብቶኛል፣ አራተኛው ላይ ጠፋኝ» በሉ።

የሚቆጣ መምህር ይገጥማችኋል። እኔም አንድ ቀን ደክሞኝ አንዱን ልጅ «ይሄ ምን ጥያቄ ነው፣ ቁጭ በል!» ብዬዋለሁ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጁን አላነሣም፤ ይቅርታ ሳልጠይቀውም ተለያየን። እናንተ ግን እንደዚያ ልጅ አትቅሩ። ሲደወል ተከትላችሁት ውጡና መንገድ ላይ ጠይቁት፤ 60 ልጅ ፊት የሚቆጣው ሰው ለብቻው ስታገኙት ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው።

ነገ ጠዋት «ገባችሁ?» ስትባሉ ካልገባችሁ «አዎ» አትበሉ። እጃችሁን አንሡ።