ሠዓሊ ስለ ሥራው ሊናገር ይገባዋልን?

ሰው የእጁን ሥራ በአደባባይ ካቆመ በኋላ በላዩ ቃል መጨመር ይገባዋልን፥ ወይስ ዝም ማለት? ይህ ጥያቄ ሠዓሊዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል፤ ነገር ግን መሠረቱ የእውነትና የሽንገላ ጥያቄ ስለ ሆነ ሁላችንንም ይነካል።

በሥዕል ትርኢት ላይ ሠዓሊው ከሥዕሉ አጠገብ ቆሞ፥ አሳቡ እንዴት እንደ መጣለትና ቀለሙን ስለ ምን እንደ መረጠ ለተመልካች ያስረዳል። አንዳንዶች ይህን ሲነቅፉ፥ መልካም ሥራ አስተርጓሚ አያሻውም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሳይነገረን በምን እናውቃለን ይላሉ። ለእኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም እኩሌታውን እውነት ይዘዋል።

የቀደሙት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ከሥዕሉ አጠገብ «ዘከመ» ብለው በግእዝ ይጽፉ ነበር፤ ይኸውም የተሣለው ነገር እንዴት እንደ ሆነ ለማስታወቅ ነው። ስለ ራሳቸው ድካም ግን ሳይናገሩ፥ ብዙዎቹም ስማቸውን እንኳ ሳይተዉ አለፉ። አፈወርቅ ተክሌ እ. ኤ. አ. በ1961 ለአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት፥ 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ባለቀለም መስተዋት፥ የአፍሪካን ያለፈ፥ የጊዜውንና የሚመጣውን ዘመን የሚያሳዩ ሦስት ክፍሎች አሉት። ይህን ያህል የተነገረው ተመልካች የቀረውን በዓይኑ ያነባል።

ገብረ ክርስቶስ ደስታን ግን ከዚህ የበለጠ ፈተና ገጠማቸው። በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፥ እ. ኤ. አ. በ1963 ሥራዎቻቸውን በአዲስ አበባ ባሳዩ ጊዜ፥ የሰውና የዕቃ መልክ የሌለበትን ቅርጽና ቀለም ያዩ ሰዎች ይህ ምን እንደ ሆነ፥ ኢትዮጵያዊነቱስ የቱ ላይ እንደ ሆነ ጠየቁ። ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም። ሳይገባው ከሚያደንቅ ሰው ይልቅ፥ ሳይገባው የሚጠይቅ ይበልጣል። በቅኔ ጉባኤም ምሥጢሩ ሳይገባው «ይበል» የሚል ሰው ራሱን ይሸነግላል እንጂ ባለቅኔውን አያከብርም።

እንግዲህ የቃልን ልክ በምን እናውቃለን? እኔ ከመርካቶ፥ ከእህል በረንዳ፥ ምሳሌ ላምጣ። ጨዋ የጤፍ ነጋዴ የጆንያውን አፍ ፈትቶ፥ እህሉ የአድአ ማኛ መሆኑን፥ የዘንድሮ ወይም የአምና መሆኑን ይናገራል፤ ይህ ዓይን ብቻውን የማያገኘው ነገር ነውና። ከዚያ በኋላ ዝም ይላል። ገዢው በእፍኙ ዘግኖ፥ እፍ ብሎ፥ በመዳፉ ላይ አፈርና ገለባውን ይመረምራል። አታላይ ነጋዴ ግን መልካሙን ከላይ፥ መናኛውን ከታች አድርጎ፥ እጅ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ወሬ ያበዛል። ስለዚህ እጅን ወደ ጆንያው የሚጋብዝ ቃል አለ፤ እጅን የሚከለክልም ቃል አለ።

«የጤፉን ክፋት እንጀራው ያጋልጠዋል፤ ሥዕልን ግን የሚያጋልጥ ምጣድ የለም» የሚል ቢኖር እውነት ነው። ነገር ግን ይህ የሠዓሊውን ዕዳ ያከብደዋል እንጂ አያቀልለትም። የሚያጋልጠው በሌለበት እውነትን መናገር የኅሊና ሥራ ነውና። ያየውን፥ የሞከረውን፥ የፋቀውን ይንገረን፤ ምን ሊሰማን እንደሚገባ ግን አይዘዘን። ያልገባውንም ሰው ባላዋቂነት አያሳፍረው።

ደግሞም ቃል ከአንደበት ጋር ያልፋል። ገብረ ክርስቶስ እ. ኤ. አ. በ1981 በአሜሪካ አገር ዐረፉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የተጠራው ሙዚየም እ. ኤ. አ. በ2008 ተከፈተ። በዚያ የሚቆም ተመልካች ሠዓሊውን ሊጠይቅ አይችልም፤ ያለው ሥዕሉና የገዛ ዓይኑ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ሠዓሊም ብትሆን፥ ነጋዴም ብትሆን፥ መምህርም ብትሆን፥ ስለ ሥራህ ስትናገር አንድ ነገር ራስህን ጠይቅ፤ ቃሌ የሰውን ዓይን ይከፍታልን፥ ወይስ ይጋርዳል? የሚከፍት ከሆነ ተናገር፤ የሚጋርድ ከሆነ ግን ዝም ብለህ ጆንያህን ክፈት።