ሐረግ ባለዕዳ ነው?

ከከፋዋ ከተማ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ጫካው ውስጥ የገባ ሰው ቀና ሲል ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በዛፍ ግንድ ዙሪያ በተጠመጠመው ላይ ነው። ክንድ የሚያህል ሐረግ ከመሬት ተነስቶ የቀረሮውን ዛፍ ተከትሎ ይወጣል፤ ጫፉ ከቅጠሉ መሀል ይጠፋል። በከተማ ደግሞ የግቢ ግንብ እንዲያለብስ የሚተከለው አይቪ አለ። ሁለቱም የሚታሙት በአንድ ነገር ነው፤ ራሳቸውን ችለው አይቆሙም።

ሐሜቱ የቃል ችግር አለበት። አማርኛ «ጥገኛ» ሲል የተጠጋውንም የሚመጥጠውንም አንድ ላይ ያስራል። ጫካው ግን ይለያቸዋል። ተቀጽላ ቅርንጫፍ ላይ በቅሎ ሥሩን ወደ እንጨቱ ይሰዳል፤ የዛፉን ውሃ ይስባል። የሐረግ ሥር አፈር ውስጥ ነው፤ ምግቡንም በራሱ ቅጠል ይሠራል። አይቪ ከግንዱ የሚያወጣቸው አጫጭር ሥሮችም ግንብ ለመጨበጥ እንጂ ለመምጠጥ አይደሉም። ማረጋገጥ የፈለገ መሬት አጠገብ ይቁረጠው። ላይ ያለው ቅጠል ይጠወልጋል፤ ግንቡም ዛፉም እንደነበሩ ይቀራሉ።

ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው ጥናት፣ ተክል ሐረግ የሚሆነው ወፍራም ግንድ ለመገንባት ብዙ ሳያወጣ ብርሃን ዘንድ ለመድረስ ነው ብሏል። አይቪ ደግሞ ብርሃኑን ሲያገኝ ጠባዩ ይለወጣል። ጣት የነበረው ቅጠሉ ድፍን ይሆናል፣ መጨበጡን ትቶ ቁጥቋጦ ያበጃል፣ ያብባል፤ ንብም ይመጣል።

ንጹሕ ነው ለማለት አይደለም። ሐረግ ይከብዳል፣ የዛፉን ብርሃን ይሻማል፣ ቅርንጫፍም ይሰብራል። የከፋ ገበሬ ቡናው እንዲያፈራ ሐረጉን የሚመነጥረው በቂ ምክንያት ይዞ ነው። ነገር ግን የሚመነጠርለት ቡናስ? እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ የተመዘገበው ይህ ደን የሚወደስበት የጫካ ቡና፣ ከዋንዛውና ከብሳናው ጥላ ሥር ያደገ ነው። እሱን ጥገኛ ብሎ የሰደበው የለም።

መደገፍ ነውር ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ወደ እምነት የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት በራሱ ህልው የሆነ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ፍጡር ሁሉ በእሱ ይቆማል። ይህን የሚያምን ሰው መደገፍን በራሱ እንደ ነውር ሊቆጥር አይችልም። ሊጠይቅ የሚገባው የተደገፈው ሥሩን የት እንደሰደደ ነው። ቋንቋውም ይህን የዘነጋው አይመስልም፤ ሴት ልጅ ሐረገወይን ትባላለች፣ ትውልድ በዘር ሐረግ ይቆጠራል፣ በብራና መጽሐፍ ገጽ አናት ላይ በቀለም የሚጠላለፈው ጌጥም ስሙ ሐረግ ነው።

ገበሬው የመነጠረውን ሁሉ አይጥለውም። ጠንካራውን መርጦ፣ ሳይደርቅ ጠቅልሎ፣ ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ቤት ይወስደዋል። አጥር ያስርበታል።