መሰላሉና ጭቃው

ሐምበሪቾ ተራራ ከደጃፍ በሚታይበት አንድ የከምባታ መንደር ውስጥ በአናጺነት ያረጁ አባት ነበሩ። አንድ ሐምሌ ሁለት የልጅ ልጆቻቸው ሊጠይቋቸው መጡ፤ ወንዱ ከሆሳዕና፣ ሴቷ ከዱራሜ። ሁለቱም የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ናቸው፤ 11ኛ ክፍልን ጨርሰው 12ኛን ይጠብቃሉ። ማታ ምድጃ ዳር ቆጮ በጎመን እየበሉ ክርክር ገጠሙ።

«ሒሳብ ነው የሚከብደው» አለ ልጁ። «ፊዚክስ እኮ በዓይን ይታያል፤ ድንጋይ ይወድቃል፣ መኪና ፍሬን ይይዛል። ሒሳብ ግን የሚጨበጥ ነገር የለውም። ሁለተኛው መስመር ላይ አንዲት የመቀነስ ምልክት ከረሳህ ገጹ በሙሉ ገደል ገባ።»

«የለም፣ ፊዚክስ ነው» አለች ልጅቷ። «ሒሳብ ፍታ የሚልህን ራሱ ያቀርብልሃል። ፊዚክስ ግን ታሪክ ያወራልሃል፤ የትኛው ቁጥር እንደሚያስፈልግ አንተው ፈልግ ይልሃል። ያውም በእንግሊዝኛ።»

ሽማግሌው አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ነፋስ የጣሪያውን ቆርቆሮ ገልጦታል፤ መሰላል ደግሞ የለኝም» አሉ። «አንቺ ሒሳብ ይቀለኛል ያልሽው ነገ መሰላሉን ሥሪ። አንተ ፊዚክስ ይቀለኛል ያልከው አቁመህ ውጣበት።»

ሲነጋ ልጅቷ ከመሬት እስከ ጣሪያው ጠርዝ ለካች፤ ልክ 4 ሜትር። ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨቶች 4 ሜትር አድርጋ ቆረጠች፤ መርገጫዎቹን በእኩል ርቀት መታች። ልጁ አነሣው። ጫፉ ጠርዙን እንዲነካ ግድግዳው ላይ ቀጥ አድርጎ ከማስጠጋት ሌላ መላ አልነበረውም። ሦስተኛው መርገጫ ላይ ሲደርስ መሰላሉ ከግድግዳው ተላቅቆ ወደ ኋላ ሄደ፤ ልጁም ዘሎ እንሰቱ ውስጥ ወደቀ።

«የለካሽው ግድግዳውን ነው እንጂ መሰላሉን አይደለም!» ብሎ ጮኸ።

እውነቱን ነበር። ልጅቷ በጭራሮ መሬት ላይ ሦስት ማዕዘን ሣለች። ግድግዳው 4 ሜትር፤ የመሰላሉ እግር ከግድግዳው 3 ሜትር ቢርቅ ርዝመቱ ድፍን 5 ይመጣል። ቁጥሩ ደስ አላት። አያቷ ረዣዥም እንጨት ሰጧት፤ እኩለ ቀን ላይ የ5 ሜትር መሰላል ደረሰ። እግሩንም 3 ሜትር ላይ አስቀመጠችው። ልጁ መውጣት ሲጀምር አልተነቃነቀም። ግማሹን አልፎ ሲወጣ ግን የመሰላሉ እግር በቀዩ ጭቃ ላይ መንሸራተት ጀመረ፤ ልጁ መሰላሉን እንዳቀፈ መሬት ደረሰ።

«ሒሳቡ ትክክል ነው» አለች፤ እንባ ተናንቋት።

«ትክክል ነው» አሉ አያቷ። «ጭቃው ግን አልተጠየቀም።»

ልጁ ተነሣና የመሰላሉን እግር ወደ ግድግዳው እያስጠጋ ሞከረ። 2 ሜትር ላይ ትንሽ ያዘ፤ 1 ሜትር ላይ ነክሶ ቆመ። አሁን ግን ጫፉ ከጠርዙ በላይ አልፎ ወጣ። «ትርፉ ስንት ነው? ይቆረጥ?» ብሎ እሷን ጠየቀ። 4 በ4 16፣ 1 በ1 1፤ ድምሩ 17። የ17 ስኩዌር ሩት ድፍን ቁጥር አይደለም፤ 4 ሜትር ከ12 ሴንቲ ገደማ ነው። ስለዚህ 88 ሴንቲ ይተርፋል።

«እንዳትቆርጪው» አሉ ሽማግሌው። «ከመሰላል ወደ ጣሪያ የሚሻገር ሰው እጁ የሚይዘው እሱን ነው።»

ቆርቆሮው የማታው ዝናብ ሳይመጣ ተመታ። ማታ ልጁ፣ «አባባ፣ ታዲያ የማን ሥራ ከበደ?» አለ።

«መሰላሉ ሁለት ጊዜ ወድቋል» አሉ። «ሁለቱንም ጊዜ እሷ እግሩ የት እንደሚቆም አንተን አልጠየቀችህም። አንተም ርዝመቱ ከየት እንደመጣ አልጠየቅሃትም።»

*

የልጆቹ ክርክር በየትምህርት ቤታችን የሚሰማ ነው፤ ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። ሒሳብ የሚከብደው ስንሳሳት የሚነግረን ጭቃ ስለሌለው ነው። ፊዚክስ የሚከብደው ከመቁጠር በፊት ምን እንደሚቆጠር መምረጥ ስለሚጠይቅ ነው። የልጆቹን መሰላል እንይ፤ ግድግዳው ልሙጥ ነው ብለን የመሰላሉን ክብደት ብንተወው፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ የደረሰ ሰው እንዳይወድቅ መሬቱ የክብደቱን ሦስት አራተኛ ያህል የሰበቃ ኃይል መስጠት አለበት፤ ይህ የመሰላሉ እግር ከግድግዳው 3 ሜትር ሲርቅ ነው። 1 ሜትር ሲሆን ሩብ ይበቃል። ሒሳቡ ሬሾ ብቻ ነው። ሬሾው የሰው ሕይወት መሆኑን ያወቀው ግን ጭቃውን የረገጠው ነው።

ኒውተን የእንቅስቃሴን ሕጎች በ1687 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ካልኩለስንም አስቀድሞ አስቦት ነበር፤ የሚለዋወጥን ፍጥነት የሚለካበት መሣሪያ ያስፈልገው ነበርና። በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ አብረው ያደጉትን ሁለት ነገሮች እኛ በሁለት ክፍለ ጊዜ፣ በሁለት መምህር፣ በሁለት ደብተር ለያየናቸው። ቬክተር በሁለቱም መጻሕፍት ውስጥ አለ፤ ስንቱ ተማሪ ግን አንድ ነገር መሆኑን ያውቃል? በሀዲይሳ ወይም በከምባትኛ አፉን የፈታ ልጅ ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ሲማር ደግሞ ሸክሙ ሦስት ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሰዋል። ሰበቡ ብዙ ነው፤ እነዚህ ልጆች ግን ሰነፎች ናቸው ብዬ አላምንም።

ስለዚህ «የትኛው ይከብዳል?» ከማለት፣ ፊዚክስ የከበደው ልጅ ያቃተውን ጥያቄ ይግለጥና የት እንደቆመ ምልክት ያድርግ። ቃሉን ሲያነብ ከሆነ ችግሩ ቋንቋ ነው። ሥዕሉን ሲሥል ከሆነ ፊዚክሱ ነው። ሥዕሉን ሥሎ፣ እኩልታውን ጽፎ ከዚያ ከቆመ ደግሞ የቀረበት ያለፈው ዓመት ሒሳብ ነው፤ ፊዚክስን አይማው፤ ወደ ሒሳቡ ተመልሶ የጎደለውን መርገጫ ይምታ።