ከኬብሉ ጫፍ ጀምሪ

ልጄ፣ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድሽን አግኝተሽ የመጀመሪያ አንቴናሽን ጣሪያ ላይ ልትሰቅዪ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ገንዘቡን ለሬዲዮውና ለአንቴናው ጨርሰሽ ኮኔክተሩን በተረፈው ሳንቲም ለመግዛት አስበሽ ከሆነ ግን እባክሽ ሐሳብሽን ቀይሪ።

በራሴ የደረሰውን ልንገርሽ። አንድ ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ርካሽ ፒኤል-259 ኮኔክተር ገዝቼ ውጭ የሚውለው የኬብሌ ጫፍ ላይ በየድኩ። መስከረም ሲጠባ፣ ከአንቴናው የሚመለሰውን ሞገድ የሚያሳየኝ የኤስ ደብሊው አር መለኪያዬ ከቀድሞው ዝቅ ብሎ ሳገኘው አንቴናው የተሻለው መሰለኝ። ዳሩ ግን ድሮ በደንብ ይሰሙኝ የነበሩ ሰዎች ጥሪዬን መመለስ አቆሙ። ኮኔክተሩን ስፈታው የኬብሉ የመዳብ ሹሩባ ጠቁሯል፤ እየቆረጥኩ ብሄድ ውሃው ከአንድ ክንድ በላይ ዘልቆ ገብቷል። ኋላ እንደገባኝ፣ የረጠበ ኬብል ኃይሉን ሲሄድም ሲመለስም ይበላዋል። ከአንቴናው የሚመለሰው ሞገድ መለኪያው ጋ ሳይደርስ ስለሚያልቅ መርፌው ደኅና ያሳያል። ስለዚህ መርፌው ያለ ምክንያት ሲያምርልሽ ኬብሉን ተጠራጠሪ።

ስትገዪ መጀመሪያ መሐሉ ያለውን ማገጃ እዪ። ጥሩው ቴፍሎን ነው፤ በብየዳ ሙቀት ቅርጹን አይለቅም። ርካሹ ፕላስቲክ ግን ስትበይጂ ይለሰልስና የመሐሉ እግር ይዘማል። ብዙ ከመግዛትሽ በፊት አንድ ብቻ ግዢና የጋለ መበየጃ ለአፍታ አስነኪው። ከሟሟ ሌላ ሱቅ ሂጂ።

ቀጥሎ ልባሱ። የብር ልባስ ሊድ በቶሎ ይቀበላል፤ በጊዜ ብዛት ቢጠቁርም አትደንግጪ፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የኒኬል ልባስ ያብረቀርቃል እንጂ ሊድ እንቢ ይላል። ሌላ ካጣሽ የብየዳ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ያለውን ኒኬል ናሱ እስኪታይ በሞረድ ፋቂው። ይህን ያህል የምጨነቀው በምክንያት ነው። 100 ዋት በ50 ኦም ሲሄድ 1.4 አምፔር ያህል ያልፋል። መጥፎ ብየዳ አንድ ኦም ቢጨምር 2 ዋት እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱ ብየዳውን ይባስ ያበላሸዋል።

ኮኔክተሩ ለኬብልሽ ውፍረት የተሠራ ይሁን። አርጂ-213 ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን አርጂ-58 የሱ ግማሽ ነው፤ ለቀጭኑ በፒኤል-259 ውስጥ የሚገባ ማጥበቢያ አለ። በጎረቤት ጣሪያ ሁሉ የተዘረጋው የዲሽ ኬብል ያጓጓል፤ ለመስማት ያገለግልሻል። ግን 75 ኦም ነው፣ ሹሩባውም አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ ሊድ አይዝም።

ፒኤል-259 ዩኤችኤፍ፣ ማለትም እጅግ ከፍተኛ ድግግሞሽ፣ መባሉ አያታልልሽ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲሠራ የዚያ ዘመን ሰው እጅግ ከፍተኛ የሚለው ድግግሞሽ ዛሬ ከምንለው በጣም ያነሰ ነበር። እስከ 30 ሜጋ ኸርዝ ምንም እንከን አይወጣለትም፤ በ144ም ይሠራል። በ430 ሜጋ ኸርዝ ልትሠሪ ከሆነ ግን ኤን የሚባለውን ግዢ። ኤን 50 ኦምነቱን ይጠብቃል፣ ውስጡም ውሃ የሚከለክል ጎማ አለው። ባለ 75 ኦም ኤንም ስላለ፣ ዘመድ ከውጭ ሲያመጣልሽ ባለ 50 ኦሙን በስሙ አዘዢ፤ የ50 ኦሙ እግር ወፍራም ስለሆነ የ75ቱን ሴቴ ያበላሻል። ፒኤል-259ንና ኤንን በእጅሽ ይዘሽ ማየት ከፈለግሽ አምስት ኪሎ ባለው የአማተር ሬዲዮ ማኅበሩ ጣቢያ፣ በኢቲ3ኤኤ፣ ያሉትን ልጆች ጠይቂ።

ፒኤል-259 በራሱ ውሃ አይከለክልም። ጣሪያ ላይ ከሆነ እርስ በርሱ የሚዋሐደውን የጎማ ቴፕ እየለጠጥሽ ከታች ወደ ላይ ጠምጥሚው፤ ዝናቡ እንደ ጣሪያ ክዳን ላዩን ይወርዳል። ኬብሉም ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎብጦ ይለፍ፣ ውሃው እዚያው ይንጠባጠባል።

በይደሽ ስትጨርሺ፣ አንቴናውን ሳታገናኚ፣ ቴስተርሽን በመሐሉ እግርና በውጭው ብረት መካከል አድርጊ። ሁለቱ እንደተገናኙ ማሳየት የለበትም። ኬብሉን እያወዛወዝሽ ደግመሽ ለኪ። ለብየዳው እኔ ጋ ነይ፤ ብቻ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ይሁን።