የሥራ ፍለጋ ዕቁብ

ልጆቼ፣ ጥያ ላይ ከአስፋልቱ ዳር ባለችው በረንዳዬ ስቀመጥ አያችኋለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚወርደው መኪና ሲያልፍ ቀና የሚል የለም፤ ሁላችሁም ስልካችሁ ላይ ናችሁ። መጀመሪያ ጨዋታ መስሎኝ እበሳጭ ነበር። በኋላ የጎረቤቴ ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብላ አሳየችኝ። የቴሌግራሙን ቻናል በጣቷ ብትገፋው ብትገፋው ማስታወቂያው አያልቅም። «አካውንታንት፣ ብዛት 1፣ የሥራ ልምድ 2 ዓመት፣ ደመወዝ በስምምነት፣ የሥራ ቦታ አዲስ አበባ።» ከሥሩ ሌላ፣ ከሥሩ ሌላ። በመጨረሻ «0 ዓመት» የሚል ሲመጣ ፊቷ በራ፤ ቀኑ ትናንት ማለፉን ስታይ ስልኩን ጉልበቷ ላይ ደፋችው።

ልጅቷ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ተምራ፣ የመውጫ ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራ ያለፈች ናት። «ጋሼ፣ ከመቶ በላይ ቦታ አመልክቼ የመለሱልኝ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ገንዘብ ላኪ አለኝ። ምን ጎድሎብኝ ነው?» አለችኝ።

ምንም አልጎደለብሽም አልኳት። ለእናንተም የምለው ይህንኑ ነው፤ ግን ባዶ ማጽናኛ እንዳይመስላችሁ የራሴን ልንገራችሁ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ እኔም ሥራ ፈላጊ ነበርኩ። አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጋዜጣ እንከራይ ነበር፤ መግዣው ስለሌለን ለጥቂት ደቂቃ በሳንቲም ተከራይተን ክፍት የሥራ ቦታውን በቢክ እንገለብጣለን። አንድ መሥሪያ ቤት አመልክቼ ሰባት ወር ሙሉ ሰሌዳው ላይ ስሜን ፈለግሁ። ጠዋት ሄጄ አያለሁ፣ «ገና ነው» እባላለሁ፣ እመለሳለሁ። ማታ ማታ የትምህርት ውጤቴን እያሰብኩ ራሴን ስወቅስ አድራለሁ። አንድ ቀን በር ላይ ያሉት ሽማግሌ ዘበኛ አዘኑልኝና ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ጫማህን አትጨርስ፤ ቦታው የተያዘው ማስታወቂያው ሳይወጣ ነው» አሉኝ። ተናደድኩ፣ ግን የዚያን ሌሊት ተኛሁ።

የእናንተን ችግር ከኔ የሚያከብደው ይህ ይመስለኛል፤ ዘበኛ የላችሁም። ሲቪያችሁን በኢሜይል ትልካላችሁ፣ ከዚያ ዝምታ ነው። ሺህ ሰው አመልክቶ የሰው ኃይል ሠራተኛው የላይ የላዩን አይቶ ዘግቶት ይሁን፣ ቦታው ቀድሞ የተያዘ ይሁን፣ በጀቱ ታጥፎ ይሁን፣ የሚነግራችሁ የለም። ያልተነገራችሁን ነገር ደግሞ ራሳችሁ ላይ ትፈርዱበታላችሁ። መድረክ ላይ ወጥቶ «ሥራ ፈላጊ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» የሚለውም ያንኑ ፍርድ ያጸናባችኋል። እኔ አልለውም፤ መነሻ ገንዘብ የሌለው ልጅ ከምን ይፍጠር?

ሆኖም የምትታረሙበት ነገር አለ። ሲቪያችሁን ሰብስቤ አይቻለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት የተጻፈ አንድ ዓይነት ወረቀት ነው፤ የአንዱ ማመልከቻ ላይ የሌላ ልጅ ስም እንዳለ ተረስቷል። ማታ ማታ አጥሩ ሥር ሆናችሁ ስልክ የምትነካኩበትን ትክል ድንጋይ አስቡት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 ከመዘገባቸው ከእነዚህ 36 ድንጋዮች 32ቱ ሰይፍና ሌላም ምልክት ተቀርጾባቸዋል። ባለሙያዎች ከድንጋዮቹ ሥር ቆፍረው ያገኙት ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው ሰዎች መቃብር ነው፤ ልክ የእናንተ ዕድሜ። ምልክቶቹ ምን ማለት እንደሆኑ ግን ዛሬም አፉን ሞልቶ የሚናገር የለም። የእናንተም ሲቪ እንደዚያው ነው። «በቡድን የመሥራት ችሎታ» ብሎ የቀረጸ ልጅ ምን እንደሠራ አንባቢው አያውቅም። «የአጎቴን ሱቅ የዱቤ መዝገብ ሁለት ክረምት ይዣለሁ» ቢል ግን ይገባል።

ገንዘብ ላኪ ያላትን ልመለስበት። «አልፈሻል፣ ለፎርምና ለሥልጠና በቴሌብር አስገቢ» ነው ያላት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበል ይላል። ደላላው ያስከፍል የለም ወይ ብትሉኝ ያስከፍላል፤ እናንተ ግን ሥራ ከመያዛችሁ በፊት ብር የሚጠይቃችሁን ቁጥር ዝጉት። የታይላንድ ሥራ የሚላችሁንማ አታነጋግሩት፤ መጨረሻው የማጭበርበሪያ ካምፕ ሊሆን ይችላል። በየካቲት 2017 ከማይንማር የማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ገደማ ሰዎች ከግማሽ በላይ የእኛው ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

አሁን ወደ ዕቁቡ። ያችን ልጅና ሦስት ጓደኞቿን ሰብስቤ «ዕቁብ ጣሉ» አልኳቸው። ሳቁብኝ። ነገሩ ቀላል ነው፤ እሑድ እሑድ በረንዳዬ ላይ ይገናኛሉ፣ ሃምሳ ሃምሳ ብር ያዋጣሉ። ዕጣ አይወጣም፤ ብሩ የሚሰጠው ለፈተና ወይም ለቃለ መጠይቅ ለተጠራ ነው፣ ለመሳፈሪያ። የዳታ ፓኬጅ በተራ ይገዛሉ፤ ባለተራው ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል ቻናሎቹን አይቶ ለሁሉም የሚሆነውን ይለያል፣ ሌሎቹ ያን ቀን ስልኩን ይተዉታል። ማታ ማየት ክልክል ነው። አንድ ደብተር አለ፤ የት፣ መቼ፣ ለምን ሥራ እንደተላከ ይጻፍበታል። በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ አንዳቸው ስለ ሌላው ወደ መሥሪያ ቤቱ ይደውላሉ። ለራስ መለመን ያሳፍራል፣ ለጓደኛ ሲሆን አፍ ይፈታል።

ደግሞ መስቀል አለላችሁ፣ አረፋም አለ። መርካቶ ያለው ነጋዴ፣ ባንክ ያለው ሠራተኛ፣ ሁሉም ያን ሰሞን አገሩ ይገባል። የእኛ ሰው ሊስትሮ ሆኖ ጀምሮ ሱቅ የከፈተው ማስታወቂያ አንብቦ አልነበረም፤ የአገሩ ልጅ ቤት አርፎ፣ የአገሩ ልጅ ዋስ ሆኖለት ነው። ዘመድ ያለወግ ይቅጠራችሁ እያልኩ አይደለም፤ እኔ ራሴ በዚያ ተጎድቻለሁ። ክትፎው ላይ ግን «እናንተ ጋ ሰው የሚፈለገው መቼ ነው? በማን በኩል ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዘበኛችሁ እሱ ነው።

እስከዚያ የተገኘውን ያዙ። ልጅቷ አሁን ቡታጅራ የአንድ በርበሬ ነጋዴ ሒሳብ በሳምንት ሦስት ቀን ትይዛለች። ክፍያው ትንሽ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ያናድዳል። ግን በስሟ የሥራ ግብር እንዲከፈልላት አጥብቃ ጠይቃለች፤ ከግል ድርጅት የሚመጣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ግብር ያልተከፈለበት ከሆነ ብዙ መሥሪያ ቤት አይቀበለውም። ይህን ሳያውቁ ሁለት ዓመት ሠርተው ደብዳቤያቸው የተጣለባቸው ልጆች አውቃለሁ።

ባለፈው እሑድ ብሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። ከአራቱ አንዱ አዲስ አበባ ለጽሑፍ ፈተና ተጠርቶ ነበር። ሰኞ ንጋት 11 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን መኪና ሲጠብቅ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። የትምህርት ማስረጃውን በፌስታል ጠቅልሎ ደረቱ ውስጥ ከቶታል።

«ዘበኛውን ሰላም በልልኝ» አልኩት።